«ተቀበል» የሚል የሌለበት ዘፈን

በቢቸና ወይም በሞጣ አንድ የሠርግ ዳስ ውስጥ አዝማሪው መሰንቆውን ታቅፎ ሲቆም ዘፈኑ ገና ተሠርቶ አላለቀም። ዜማው አለ፤ ከአባት የተወረሰ ነው። ስልቱም አለ፤ የጎጃም ትከሻ ሳይጠራ የሚመጣበት ስልት ነው። ግጥሙ ግን ግማሹ በአዝማሪው ልብ፣ ግማሹ በታዳሚው አፍ ነው። ከዳሱ ጥግ አንድ ሽማግሌ ይነሣና «ተቀበል!» ይላል። ሁለት ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው ስንኙን ተቀብሎ ዜማ ያለብሰዋል፤ ሰሙን ለሁሉ፣ ወርቁን ለተነካው ሰው ያደርሳል። የተነካው ሰውም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በተራው «ተቀበል!» ይላል። ዘፈኑ እንዲህ ሲሳሳብ ያመሻል፤ ደራሲው ማን እንደ ሆነ ሌሊቱ ሲጋመስ ለይቶ የሚያውቅ የለም።

ይህ ዘፈን ወደ ስቱዲዮ ሲገባ ምን ይሆናል? አዝማሪው ድምፅ በማያስገባ ክፍል ለብቻው ይቆማል። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ይደፋለታል። ከመሰንቆው ሥር ኦርጋን ይነጠፋል፤ ከኦርጋኑም ሥር ስቶ የማያውቅ፣ ስለማይስትም ነፍስ የሌለው የከበሮ መኪና ይመታል። «ተቀበል» የሚል ሰው ስለሌለ አዝማሪው ራሱ ለራሱ ይሰጣል፤ ራሱ ከራሱ ይቀበላል። አምስት ደቂቃ ሲሞላ ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ይህ ነገር «የጎጃም ባህላዊ ዘፈን» ተብሎ ለገበያ ይቀርባል። የጎጃም ዘፈን ግን እርሱ አይደለም፤ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ከስቱዲዮው በር ውጪ ቀርቷል።

በሕዝብ ፊት፣ በሕዝብ መካከል የተቀዳ ሙዚቃ በአገራችን እንደ ትርፍ ነገር ሲቆጠር ኖሯል። አሳታሚው «ጫጫታ አለበት» ይላል። የባህል ሹሙ «ጥራት ይጎድለዋል» ይላል። ምሁሩም በበኩሉ «የቃል ጥበብ በቃል ይቅር» እያለ ስንፍናውን በፍልስፍና ይሸፍናል። በእነዚህ ሦስት ድምፆች ስምምነት የአገሪቱ ሙዚቃ አንድ ታላቅ ዘመን ምስክር ሳያቆም አልፏል፤ ሁለተኛውም በዚያው መንገድ ላይ ነው።

የሸክላና የካሴት ንግድ በጎለበተበት ዓለም ነገሩ እንዴት እንደሚታይ አንድ ምሳሌ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1977 ጀነሲስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ «ሰከንድስ አውት» የተሰኘ ባለ ሁለት ሸክላ አልበም አወጣ። ጀነሲስ «ፕሮግረሲቭ ሮክ» ከሚባለው ወገን ነው፤ ይኸውም የሦስት ደቂቃውን የጭፈራ ዘፈን ትቶ፣ እንደ ክላሲካል ሙዚቃ በምዕራፍ በምዕራፍ የሚራመድ ረጅም ድርሰት የሚያቀርብ የሮክ ስልት ነው። ባንዱ በዚያ ጊዜ በሁለት መለያየቶች መካከል ቆሞ ነበር። ድምፃዊው ፒተር ጋብርኤል በ1975 ተለይቶ ከበሮ መቺው ፊል ኮሊንስ ወደ ፊት ወጥቶ መዝፈን ጀምሯል። ጊታር ተጫዋቹ ስቲቭ ሃኬት ደግሞ የአልበሙ ድምፅ ገና እየተቀናበረ ሳለ ተለየ። በተከታዩ ዓመት የወጣው የስቱዲዮ አልበም ርእስ ራሱ «ከዚያም ሦስት ሆኑ» የሚል ነው። ስለዚህ በአብዛኛው ፓሪስ ላይ፣ በሕዝብ ፊት የተቀዳው «ሰከንድስ አውት» የአንድ ዘመን መዝጊያ ሆኖ ቀረ።

በዚያ አልበም ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሦስተኛው የሸክላ ገጽ ነው። ገጹ በሙሉ «ሰፐርስ ሬዲ» ለተባለና ከሃያ ደቂቃ በላይ ለሚፈጅ ድርሰት ተሰጥቷል። ድርሰቱ በ1972 «ፎክስትሮት» በተባለው አልበም ላይ በጋብርኤል ድምፅ ተቀድቶ ነበር፤ በፓሪስ ግን የሚሰማው በኮሊንስ ድምፅ ነው። ያው ዜማ፣ ሌላ ጉሮሮ፣ ሌላ ሌሊት። ሁለቱን ቅጂዎች አስከትሎ ያዳመጠ ሰው ምን እንደ ሄደ፣ ምን እንደ ቀረ በጆሮው ይለካል። አንዱ ዘፈን እንዲያውም ካለፈው ዓመት ጉዞ የተወሰደ ነው፤ ከበሮውን የሚመታው ቢል ብሩፎርድ ነው፤ በሌሎቹ ላይ ግን ቼስተር ቶምሰን። ስቱዲዮ እንዲህ ያለውን ስፌት ይደብቃል። የመድረክ ቅጂ ግን ያሳያል፤ ዋጋውም እዚህ ላይ ነው።

«ጀነሲስ ለቢቸና ምኑ ነው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ጠያቂውን የሚያሳፍር ነው። በፓሪሱ አዳራሽ የተቀመጠው ታዳሚ ሥራው ማጨብጨብ ነበር። ተነሥቶ ለኮሊንስ ሁለት ስንኝ የሰጠ የለም፤ ድርሰቱ ከአዳራሹ ከመድረሱ በፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጽፎ አልቋል። ለዚያ ለሚያጨበጭብ ሕዝብ ሲባል አራት የሸክላ ገጽ ተሰጠ። የቢቸናና የሞጣ ታዳሚ ግን የዘፈኑ ተባባሪ ደራሲ ነው። የማያጨበጭብ ቢቀር ዘፈኑ ይደምቅ እንደሆነ እንጂ አይጎድልም፤ «ተቀበል» የሚለው ሲቀር ግን ዘፈኑ ራሱ ይጎድላል። እንግዲህ የመድረክ ቅጂ የሚያስፈልገው ለማን ነበር?

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ፤ ዓመቱም ያው 1977 ነው። ዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጣ፤ በኋላ ዓለም ያወቀው «ሙዚቃዊ ስልት» በዚያ ላይ ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተሳትፎበታል። ዋልያስ በሂልተን ሆቴል ለዓመታት የተጫወተ ባንድ ነበር። ጊዜው የሰዓት እላፊ ጊዜ ነው። ሰዓቱ ሳይደርስ የገባ እንግዳ እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ይህን ሁኔታ አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ከተማዋ ዝም ብላለች፤ በውጭ የጥበቃ ጓድ ይዘዋወራል፤ በውስጥ ደግሞ ወደ ቤቱ መሄድ የማይችል ሕዝብና መሣሪያውን ማስቀመጥ የማይችል ባንድ ፊት ለፊት ተፋጥጠዋል። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ «ሙዚቃዊ ስልት» ምን ያህል ይረዝም ነበር? ኦርጋኑ ወዴት ይሄድ ነበር? ነፋሾቹ ሲደክማቸው ማን ይተካ ነበር? በዚያ ሌሊት የነበሩ ሰዎች ይነግሩ ይሆናል። የሸክላው መርፌ ግን አይነግርም፤ ሸክላው የሚያውቀው የሰዓታቱን ሙዚቃ ሳይሆን የደቂቃዎቹን ነው።

ሌላም አለ። ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው «ወደ ሐረር ጉዞ» የተቀዳው በግዮን ሆቴል ክበብ ውስጥ ነው። ቦታው ያ ነው፤ መሣሪያዎቹ በዚያ ናቸው፤ ተጫዋቾቹም በዚያ ናቸው። በቅጂው ላይ የታዳሚ ድምፅ ግን የለም። እስከ ደጃፉ ደርሶ ሳይገቡ መመለስ ማለት ይህ ነው። ቴፕ መቅጃው ከሕዝቡ የራቀው በዕቃ እጦት አልነበረም፤ ሕዝቡ የሙዚቃው አካል ነው ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ነው።

ከዚያ በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ከአባላቱ ከፊሉ በዚያው ቀረ። ዘመኑ ሲያበቃ የመሰናበቻ ምሽት አልተደረገም፤ የመዝጊያ አልበምም አልወጣም። ከአራት ዓመት በኋላ ኃይሉ መርጊያ ብቻውን፣ በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በከበሮ መኪና አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ ያማረ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ነገር ግን በአንድ ሙሉ ባንድ መካከል ተቀምጦ ይጫወት የነበረ ሰው ሁሉንም ራሱ ሲሆን መስማት የሚያስደስተውን ያህል ያስተክዛል። ሰውየው ለረጅም ዘመን በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ፤ ካሴቱ በ2013 ዳግመኛ ከታተመ በኋላም ወደ መድረክ ተመለሰ። በሕዝብ ፊት የተቀዳ አልበሙ የወጣው በ2023 ነው፤ የተቀዳውም በ2016 ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ነው። ከሂልተን ሌሊቶች እስከዚያ ድረስ ወደ አርባ ዓመት ይሆናል፤ ርቀቱንም መቁጠር ለአንባቢ የሚተው ነው።

በዚህ ላይ የሚጨመር አንድ ምፀት አለ። የአገሪቱን የድሮ ሸክላዎች ለዓለም ያስተዋወቀው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚመራው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ነው። በዚያ ተከታታይ ውስጥ «በአዲስ አበባ መድረክ ላይ የተቀዳ» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የያዘው ሃያኛው ቁጥር ነው። ባንዱ ማነው? ኢዘር ኦርኬስትራ፤ በሳክስፎን ተጫዋቹ ረስ ገርሾን የሚመራ የአሜሪካ፣ የማሳቹሴትስ ባንድ! በ2004 አዲስ አበባ መጥተው ከጌታቸው መኩሪያና ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ተጫወቱ፤ ቀዱም። እነርሱን የሚወቅስ ቢኖር ውለታ ቢስ ነው። በእንግድነት መጥተው የቀዱትን ያህል ባለቤቱ በቤቱ ሳይቀዳ መቅረቱ ግን ያስወቅሳል።

ይህ የዋና ከተማው ታሪክ ነው፤ ያለፈውም አልፏል። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚደርሰው መንገድ ዳርና ዳር ግን ያላለፈ፣ እያለፈ ያለ ዘመን አለ። የአዝማሪው ዳስ በአንድ ቀን አይዘጋም። መጀመሪያ ትልቁ ድምፅ ማጉያ ይገባል፤ መሰንቆው ከማጉያው ጋር ይታገላል። ቀጥሎ ኪቦርድ ይመጣና ስልቱን በአንድ ፍጥነት ይቸነክረዋል፤ «ተቀበል» ያለው ሽማግሌ ስንኙን ሳይጨርስ ዘፈኑ ጥሎት ይሄዳል። በመጨረሻም አዝማሪው ራሱ ይቀራል፤ በፍላሽ የመጣ ዘፈን ይተካዋል። ሽማግሌው አሁንም ጥጉ ላይ ተቀምጧል፤ ስንኝም አላጣም። የሚቀበለው ግን የለም።

በዚህ ላይ የጊዜው ሁኔታ ተጨምሯል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ ነበር፤ የዐዋጁ ጊዜ አልፏል። ነገር ግን መንገዱ የሚያስፈራ ሲሆን አዝማሪ ከሠርግ ወደ ሠርግ እንደ ልቡ አይዞርም፤ ሰው ሲጨነቅ ሠርጉ ቀን በቀን ያልቃል፤ ቀን በቀን ያለቀ ሠርግ ደግሞ ሌሊት የሚወለደውን ግጥም አይወልድም። አዲስ አበባ በሰዓት እላፊው ዘመን ሙዚቃውን ከሕዝቡ ጋር ቆልፋበት ሳትቀዳው ቀረች። የምሥራቅ ጎጃም ዳስ ግን የሚቆልፍበት ግንብም የለው።

«ዛሬ እኮ ሠርግ ሁሉ በቪዲዮ ይቀዳል፤ ስልክ የሌለው ማን አለ?» የሚለው መከራከሪያ ጠንካራ ይመስላል። የሠርግ ቪዲዮ አይቶ የሚያውቅ ሰው ግን ዘዴውን ያውቀዋል። ምስሉ ላይ ሰዎች ይዘፍናሉ፤ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ትከሻቸው ይወርዳል ይወጣል። ድምፁ ግን የእነርሱ አይደለም! አቀናባሪው የዳሱን ድምፅ ቆርጦ ጥሎ በቦታው ከገበያ የተገዛ ዘፈን ለጥፎበታል። የሞጣ ሽማግሌ አፉን ከፍቶ ስንኝ ሲሰጥ ይታያል፤ ከአፉ የሚወጣው ግን በስቱዲዮ የተቀዳ የአንድ ታዋቂ ድምፃዊ ድምፅ ነው። ከዚህ የበለጠ ስርቆት ይኖራል? ባለቤቱም ይህን ስርቆት ከፍሎ ያሠራዋል፤ «ያማረ» እያለም ለእንግዳ ያሳየዋል። ስልኩ በበኩሉ አንድ ደቂቃ ይቀዳና ባለቤቱ ሲቀይረው አብሮ ይጠፋል።

ከሁሉ የሚከብደው የሊቃውንቱ መከራከሪያ ነው፤ ስለዚህ በአክብሮት ሊመለስ ይገባል። ከቢቸና ብዙ የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ አገር ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ያስተማሩበት ዲማ ነው። በዚያ ትምህርት ሕግ አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ ዳግመኛ አይባልም፤ ማሕሌቱ በመጣ ቁጥር አዲስ ይዘረፋል። ከዚህ ተነሥተው «የአዝማሪውም ስንኝ እንዲሁ የዕለት ነው፤ በመኪና መያዝ ጠባዩን ማፍረስ ነው» የሚሉ አሉ። አነጋገሩ ያምራል። እውነቱ ግን ወዲህ ነው፤ ቅኔ አይደገምም እንጂ አይረሳም። ተማሪው የመምህሩን መወድስ በቃሉ ይዞ አገር ለአገር ይዞራል። ሊቀ ሊቃውንት አድማሱ ጀምበሬ የቀደሙትን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው በመጽሐፍ ያወጡት ጠባዩን ሊያፈርሱ ነበርን? ከቅኔ ሁሉ አጭሩ፣ ባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይባላል፤ ስሙም የቃናን ሠርግ ያስታውሳል። በዳስ ውስጥ ሁለት ስንኝ የሚሰጠው የሞጣ ገበሬ የዚያ ቤት የሩቅ ዘመድ ነው ቢባል ድፍረት አይሆንም። ልዩነቱ የቅኔው ቤት የሚሸከመው ተማሪ ሲኖረው የአዝማሪው ዳስ የሌለው መሆኑ ነው። ማግስቱን ሁሉም ወደ እርሻው ይሄዳል።

ወደ «ጫጫታው» እንምጣ። ጫጫታ የሚባለው ምንድን ነው? የሴቶቹ እልልታ ነው፤ የከበሮው፣ የጭብጨባው፣ ስንኙ የነካው ሰው ሳቅ ነው፤ አዝማሪው የተሰጠውን ስንኝ ሳይሰማ ቀርቶ «እንዴት አልክ ጌታዬ?» ሲል የሚያልፈው ዝምታ ነው። ይህ ሁሉ ከተጠረገ የሚቀረው ንጹሕ ነገር ነው፤ እንደ ታጠበ ሰሐን ንጹሕ ነው፤ የሚበላ የለበትም።

የባህል ፌስቲቫል የሚባለውም መድኃኒት አልሆነም። በአብዮቱ ዘመን በየቀበሌውና በየአውራጃው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ብዙ ተሰጥኦ አውጥተዋል፤ ያ አይካድም። ነገር ግን የተዉት አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ይኸውም አዝማሪን አንድ ዓይነት ልብስ አልብሶ፣ አስቀድሞ የተፈቀደ ግጥም አስይዞ፣ በአምስት ደቂቃ ወደ መድረክ አውጥቶ ማስወረድ ነው። ልማዱ ሥርዓቱ ካለፈ በኋላም አልሞተም። ታዳሚው ወንበር ላይ ተደርድሮ ይቀመጣል፤ በፊት ረድፍ ሹማምንት አሉ፤ ማን ደፍሮ «ተቀበል» ይላል? ያ መድረክ ቢቀዳ የሚገኘው ሌላ ስቱዲዮ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ስቱዲዮ።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ተሠርቶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈረሰ፤ ከዚያ ወዲህ መሻገሪያ እስኪሠራ ድረስ ሰው በገመድ እየተጎተተ ከጎጃም ወደ በጌምድር ይሻገር ነበር። የአገሪቱ የድምፅ ቅርስ ዛሬ እንዲያ ነው። በዚህ በኩል ሸክላው ቆሟል፤ በዚያ በኩል የዛሬው ዲጂታል ዘፈን ቆሟል። በመካከል ያለው፣ ሕዝቡና አዝማሪው የተገናኙበት ቅስት የለም። የተረፈውን የሚያሻግሩት እነዚያ ጥቂት የሚያስታውሱ ሰዎች ናቸው፤ ገመዱ የእነርሱ ዕድሜ ነው።

በጥር 2017 ዓ.ም. ማሕሙድ አሕመድ በሚሊኒየም አዳራሽ የመሰናበቻ ኮንሰርቱን አደረገ። አንድ ዘመን በይፋ ሲሰናበት ማየት ለዚህ አገር ብርቅ ነው፤ ዋልያስ ይህን አላገኘም። እንዲህ ባለው ምሽት ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ «ስንት ሰው ገባ?» ሳይሆን «ሙሉው ድምፅ፣ ከሕዝቡ ጋር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የት ተቀመጠ?» የሚለው ነው። ማሕሙድ ግን ሚሊኒየም አዳራሽ አለው፤ ስም አለው፤ ሊሰናበተው የሚመጣ ሕዝብ አለው። የቢቸናው አዝማሪ የመጨረሻ ዳሱ የትኛው እንደ ሆነ ራሱም አያውቅም፤ ሳይጠራ የቀረበት ዓመት ይመጣና ያበቃል።

የሚጠየቀው ነገር ትልቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና የክልሉ ባህል ቢሮ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡ የሚበቃ ሥራ ነው። አንድ ማይክሮፎን ለመሰንቆው፣ አንድ ለድምፁ፤ ሁለት ደግሞ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው በዳሱ ሁለት ማእዘን። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዋናዎቹ ናቸው፤ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚሰረዙትም እነርሱ ስለሆኑ አስቀድሞ መናገር ይሻላል። ቀጂው ከአዝማሪው ጋር ገብቶ ከአዝማሪው ጋር ይውጣ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሆን ሌሊቱን። አዝማሪው ይከፈለው፤ የቅጂው መብት በስሙ ይጻፍ። ስንኝ የሰጠው ሰው ስሙ እንዲወጣ ከፈቀደ ስሙ፣ ካልፈቀደ ድምፁ ብቻ ይመዝገብ። ቅጂው አንዱ በአዲስ አበባ፣ አንዱ እዚያው በቢቸናና በሞጣ ይቀመጥ፤ የገዛ አያቱን ድምፅ ለመስማት ዋና ከተማ ድረስ የሚሄድ ልጅ እንዳይኖር።

ሠርጉ በጥርና እስከ ቅበላ ባለው ጊዜ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ አዝማሪው መሰንቆውን ይሰቅላል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ቀጂ እስከ ፋሲካ የሚያገኘው የሰዎችን ትዝታ ብቻ ነው።